ጅራፍ አጮኻለሁ ያልኩበት ክረምት

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ራስ ድሮም መለጥ ያለ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አፌ አመለጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ንጋቷ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የቀበሌያችን የሚሌኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አለሙ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ስለሆነ ሚዛን ተፈሪ የሚኖር ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሁሉ የአገሩን በዓል ለከተማው ሕዝብ እንዲያሳይ ተወስኗል። ጉራጌዎቹ መስቀልን ወስደዋል። ባለሱቁ ከድር መውሊድን ይዟል። «ቡሄ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል፤ ለቡሄ ደግሞ ካንተ ሌላ ማን አለን?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እዚህ ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥራ ስምንቱንም ዓመት፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር፣ የደብረ ታቦርን ቡሄ ያላወራሁለት ሰው ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው።

«እሺ» ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም። አለሙ «ችቦ እናበራለን፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙል ይታደላል፣ በቃ አይደል?» ሲል፣ እኔ ሻዬን አስቀምጬ «አለሙ፣ ጅራፍ ያልጮኸበት ቡሄ ቡሄ አይባልም» አልኩት።

«ማን ያጮኸዋል?»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ንጋቷ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆመች።

«የደብረ ታቦር ሰው ፊትህ ተቀምጦ ምን ትጠይቃለህ?» አልኩ።

አለሙ ማስታወሻው ላይ «ጅራፍ፦ መምህር ኃይለሚካኤል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ለማንኛውም፣ ከደብረ ታቦር የወጣሁት በልጅነቴ ነው። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጅራፍ ማጮህ ደግሞ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው፤ በልጅነት የያዙት አይጠፋም።


እሑድ፣ ሐምሌ 15

ህሊና እኔ ሳልነግራት ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ አልጋዬ ላይ ዘላ ወጣች። «አባዬ፣ ጅራፍ ልታጮህ ነው? እኔ ፊት ነው የምቆመው! ከሁሉም ፊት!»

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እሑድ ጠዋት ከኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ከዚያ ከእናቷ ጋር ጸሎት ቤት ትሄዳለች። በዚህ የተነሣ ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ጉባኤ አዳርሷል።

ባለቤቴ በየነች የሸኮ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ጅራፍ? አንተ?»

«ምነው?»

«አይ፣ ምንም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽንኩርቱ መሆን አለበት።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

ጅራፍ የሚሸጥበት ሱቅ በሚዛን የለም። ገበያ ወርጄ ገመድ የሚገምደውን ታምሩን አገኘሁት። የቤንች ገበሬ ነው፤ ከእንሰት ቃጫ የሚሠራው ገመድ በሬ አይበጥሰውም ይባላል።

«ስንት በሬ ነው የሚያስር?» አለኝ።

«ለበሬ አይደለም። የሚጮህ ገመድ ነው የምፈልገው።»

«ገመድ ይጮኻል?»

«በደንብ ከተገመደ ይጮኻል።»

ታምሩ አሰበ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ገመድ ሠራሁ። አንድ ቀን አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን እሰማ ነበር።»

ርዝመቱን ጠየቀኝ። ርዝመቱን… የተለያየ ርዝመት ነው ያለው። «በሰው ቁመት ልክ ነው» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ያንተ ቁመት አጭር ነው፤ ሦስት አንተ አድርጌ እሠራለሁ» አለ። ገመዱ ሲጠቀለል ጎማ ያክላል። ተሸክሜው ስመጣ ሁለት ሰዎች በሬዬ ጠፍቶ መስሏቸው አጽናኑኝ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 24

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቡና ውስጥ ገብቼ ተለማመድኩ። ማንም አላየኝም፤ ተመስገን።

የመጀመሪያው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛው ባርኔጣዬን ወስዶ ዛፍ ላይ ሰቀለው። ሦስተኛው ግራ ጆሮዬን። ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም።

ገመዱ አዲስ ስለሆነ ነው። ይገራል።

ቤት ስገባ በየነች ጆሮዬን አየች። ንብ ነው አልኳት።


ዓርብ፣ ሐምሌ 27

ንጋቷ ሻይ ቤት በር ላይ ጃንጥላዬን ሳጥፍ ከውስጥ የከድር ድምፅ ይሰማኛል። «እሱ ሲያጮኸው አሞራ ከሰማይ ዱብ ይላል አሉ። ደብረ ታቦር እያለ ፈረስ ደንብሮ ባለቤቱን ጥሏል።» ሌላው ተቀብሎ «ከቴፒ ሳይቀር መኪና ተከራይተው ይመጣሉ» አለ።

የፈረሱን ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ። በ1993 ይመስለኛል። ግን ያኔ ፈረሱ ደነበረ አልኩ እንጂ ባለቤቱን ጣለ አላልኩም። ጨምረውበታል።

ሳልገባ ተመለስኩ። ፈረሱን ያየሁት አባቴ ነው፤ ማለቴ አባቴ ነው ያየው። እኔ ያን ጊዜ ገና ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ስምንት ዓመት ደግሞ ብዙ ነገር አያስታውስም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 30

መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሰው ትከሻዬን መታ። ታፈሰ ነኝ አለ፣ ከማጂ። «ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ አንድ ክፍል! ረሳኸኝ?»

ሰው ይመሳሰላል። ቸኩያለሁ ብዬ ሄድኩ። ማጂ ጥቂት መቀመጤን ማንም አያጣውም፤ አባቴ ፖሊስ ሆኖ ተመድቦ ነበር። ግን ምን ያስጮኸዋል?

ለቡሄ እቆያለሁ አለ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም።

ኮሚቴው እኛ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ህሊና እንድታስደምማቸው ብዬ «እስቲ ስለ ቡሄ ያስተማርኩሽን ተረት በይላቸው» አልኳት። ቀጥ ብላ ቆማ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» አለችና ወዲያው ዞረችብኝ። «ግን አባዬ፣ እዚህ እስከ ኅዳር ይዘንባል። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥም ዘንቧል።»

ያው መምህር ነኝ፤ ስለ ንፋስ አቅጣጫ፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ደን ሽፋን አሥር ደቂቃ አስረዳሁ። ሲጠቃለል፣ ተረቱ ለዚህ አገር አይሠራም ማለቴ ነበር።

በየነች ከጓዳ «ታዲያ ለዚህ አገር የሚሠራ አንድ ተረት አጥተህ ነው አሥራ ስምንት ዓመት?» አለች። ኮሚቴው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አላሳቀኝም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 4

ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች እጥረት ገጥሞናል። ከኛ ሰፈር አምስት ወንዶች ብቻ ተገኙ፤ አንዱ ደግሞ ድምፁ እየተለወጠ ስለሆነ አንዴ ከበሮ አንዴ ዋሽንት ነው። ስለዚህ አለሙ በነበየነች ጸሎት ቤት የወጣቶች መዘምራንን የምትመራውን ዲቦራን አነጋገረ። ኪቦርድ ይዘን እንመጣለን አለች። ኪቦርድ! አባቴ ይህን አለመስማቱ መልካም ነው።

ሽማግሌዎቻቸው ግን መጀመሪያ መጠየቅ አለብን ብለው ዛሬ ጠሩኝ። ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን እንደገለጠ፣ ድምፅም ከደመናው እንደመጣ፣ የጅራፉ ጩኸት ያን ድምፅ እንደሚያስታውስ አስረዳሁ። አንዱ ሽማግሌ መጽሐፉን ገልጠው ጣታቸውን እያስሄዱ አነበቡና «ድምፅ አለ፤ ጅራፍ የለም» አሉ። ብዙ ተመካከሩ። በመጨረሻ ድምፁ እስካለ ድረስ በምን እንደመጣ አይከራከሩም ተባለ።

«እርስዎ ድምፁን ብቻ ያስተማምኑን» አለችኝ ዲቦራ። አስተማምናለሁ አልኩ።

ማታ ህሊና እኔም ከልጆቹ ጋር እዘፍናለሁ አለች። አገር ቤት ሆያ ሆዬ የወንዶች ነው አልኳት። «አንተ ስትጨፍር ሴቶቹ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። ሙልሙል ይጋግሩ ነበር አልኳት። ይቅር ይበለኝ፣ አላውቅም። በስድስት ዓመቱ ማን ሴቶችን ያያል።


ሰኞ፣ ነሐሴ 7

ጮኸ! ዛሬ ጮኸ! ቡናው ውስጥ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ ጧ! ሰማሁት! ከደስታዬ ብዛት እዚያው ጭቃው ውስጥ ዘለልኩ።

በኋላ የተጨመረ፦ ባርኔጣዬን ላወርድ ብሄድ ባርኔጣው የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወድቋል። የጮኸው እሱ ነው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

በየነች ጀርባዬን ቅባት ስትቀባኝ ምንም አልጠየቀችም። ከትከሻዬ እስከ ወገቤ በጣቷ ሄደችና «ይኼ ንብ ሁለት ክንድ ይሆናል» አለች።

ወገቤን አሞኛል የሚል የሕክምና ወረቀት ብትጽፊልኝ አልኳት። «ሕመምህን ንገረኝና እጽፋለሁ» አለች። «ወገቤ ነው እንጂ» አልኳት። «ወገብህ አይደለም» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ህሊና በመጪው ዓመት ለክፍሏ የምታነበው ጽሑፍ ጀምራለች። ርእሱን ደብተሯ ላይ አየሁት፦ «አባቴ የሚያውቀው ነገር»።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 10፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እንግዲህ ሁሉንም ልጻፈው።

ዛሬ ህሊና ከቤት እስክትወጣ ጠብቄ ለበየነች ነገርኳት። ጅራፍ አንድም ቀን አጩኼ አላውቅም። ከደብረ ታቦር የወጣሁት በአሥር ዓመቴ አይደለም፣ በስምንትም አይደለም፣ በስድስትም አይደለም። በአራት ዓመቴ ነው፣ በጭነት መኪና፣ በእናቴ ጭን ላይ ተኝቼ። ከዚያ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ማጂ ነው ያደግሁት። ስለ ደብረ ታቦር የማወራው ሁሉ አባቴ ያወራልኝ ነው። ላቤ እስኪወጣ ተናገርኩ።

በየነች ልብስ እያጠፈች ነበር። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ነፍሳቸውን ይማርና እናትህ በሠርጋችን ሰሞን ነግረውኛል። ‹የኔ ልጅ አገሩን በሕልሙ ነው የሚያውቀው፣ አደራ አትቀስቅሽው› ብለውኛል። እኔም አልቀሰቀስኩህም።»

አሥራ ሦስት ዓመት! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈረሱን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ሳወራ አጠገቤ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። አንዴማ አንድ ነገር ረስቼ አስታውሳኛለች። አፈርኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከዚያ ተነሥታ «እስቲ ያንን የከብት ገመድ አምጣው» አለች። ሰጠኋት። ጓሮ ወጣች፣ ጫፉን በጥርሷ ፈትታ አሳሳችው፣ ቋጠሮ አበጀችለት፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሻጥ አደረገች። ከዚያ ክንዷን ከኋላ አምጥታ አንድ ጊዜ መለሰችው።

የጎረቤት ውሻ አጥር ዘሎ ጠፋ። የከድር ሚስት ከወዲያ ማዶ «ምን ፈነዳ?» ብላ ጮኸች። እኔ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

«ሸኮ ስናድግ በቆሎ የምንጠብቀው በምን መሰለህ?» አለችኝ። «ዝንጀሮ በቃል አይመለስም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማማ ላይ ነበርኩ።»

አሥራ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። አልጠየቅኋትም። እኔ ሳወራ መቼ ጊዜ ኖሮ።

ከዚያ የመጣልኝን ሐሳብ ልጻፈውና ልፈር። ኮሚቴው ሜዳው ላይ ሸራ ድንኳን ይተክላል። እኔ ከፊት ቆሜ ገመዱን ሳነሣ፣ በየነች ከድንኳኑ ጀርባ ከታምሩ የምገዛውን ሌላ ገመድ ይዛ ታጮኸዋለች። እሷ እኔን ማየት ስለማትችል ምልክት ያስፈልጋል፤ እኔ «ቡሄ!» ብዬ ስጮህ እሷ ትለቀዋለች። ሦስት ጊዜ ብቻ።

ገመዱን ጠቀለለችው። «ለልጅቷ ስል አደርገዋለሁ። ግን ከእሑድ በፊት አንተው ራስህ ትነግራታለህ። እኔን ዋሾ አድርገህ ልጄ ፊት እንዳታቆመኝ» አለች። ምዬላታለሁ።

ነገ እነግራታለሁ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 11

ህሊና ቀኑን ሙሉ ከነዲቦራ ጋር ልምምድ ላይ ዋለች። ሴቶችም ይዘፍናሉ ተብሎ ተወስኗል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ስትመለስ ደክሟት ነበር። ነገ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12

ችቦው እምቢ አለ። ዝናብ። ላምባ ተደፋበት፣ ጢሱ ሁላችንንም አስለቀሰን። አለሙ «አገር ቤትም እንዲህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ።

የበየነች እናት ከሸኮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ሙልሙል ይዘው ከሰፈራቸው ሴቶች ጋር መጥተዋል። ቁጥሩ ለክፍለ ጦር ይበቃል። ደግሞም ይጣፍጣል።

ህሊና ችቦው ሥር ቆማ እጄን ያዘችኝ። «አባዬ፣ ትፈራለህ?» አለች። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። «ለምን እፈራለሁ?» የሚል ወጣ።

በየነች አየችኝ። ነግሬያታለሁ ብዬ በራሴ ምልክት ሰጠኋት።


እሑድ፣ ነሐሴ 13

ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ዝናቡ ሰው አላስቀረም። ከቴፒ እውነትም መጥተዋል። ታፈሰ ከፊት መስመር ነው። ህሊና እንዳለችው ከሁሉም ፊት። ዲቦራና መዘምራኑ ኪቦርዱን በላስቲክ ሸፍነው አሰሙ፤ እውነቱን ለመናገር አምሮ ነበር። ከዚያ አለሙ የድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ስሜን ጠራ።

መሐል ሜዳ ገብቼ ገመዱን አነሣሁ። «ቡሄ!» ጧ! ሕዝቡ እንዳለ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ከዚያ በጭብጨባ ፈነዳ። «ቡሄ!» ጧ! ህሊና እየዘለለች ታለቅሳለች። ሦስተኛው ከሁሉም በለጠ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ እኔው ያጮኽሁት መሰለኝ። ደረቴ ተነፋ።

እጅ ነሥቼ፣ ገመዱን መሬት ጥዬ፣ መነጽሬን ልጠርግ መሐረቤን አወጣሁ። በዚህ መሐል ከድር፣ ነፍሱን አይማረውና፣ ከደስታው ብዛት እጁን አንሥቶ «ቡሄ!» አለ።

ጧ!

ሕዝቡ አልገባውም። የገባው ደስታው ብቻ ነው። ሁሉም ባንድ ድምፅ «ቡሄ!»

ጧ!

መነጽሬ በእጄ ነው። ገመዱ እግሬ ሥር ጭቃ ላይ ተኝቷል። «ቡሄ!» ጧ! «ቡሄ!» ጧ! ምስኪን በየነች፣ የገባችውን ቃል እየጠበቀች ነው። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ቀነሰ። ሰው ገመዱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ድንኳኑን ያያል።

መጀመሪያ የሄደችው ህሊና ናት። ድንኳኑን ዞረችና የሸራውን ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ገለበችው። በየነች ቀሚሷን ሻጥ አድርጋ፣ ክንዷን ወደ ኋላ ወስዳ፣ ለሚቀጥለው ተዘጋጅታ ቆማለች። ልጄ እናቷን አየች። ከዚያ ዞራ እኔን አየች። በየነችም ዞራ አየችኝ፤ ለልጃችን አለመንገሬን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። የሁለቱን ዓይን መቼም አልረሳውም።

የድምፅ ማጉያውን ከአለሙ እጅ ወሰድኩ። ያልኩትን በትክክል አላስታውስም፤ ይህን የሚያህል ግን ይሆናል። «ጅራፍ ማጮህ አልችልም። ከደብረ ታቦር የወጣሁት በአራት ዓመቴ ነው። የማጂ ልጅ ነኝ። የነገርኳችሁ ሁሉ የአባቴ ነው። ያጮኸችው ባለቤቴ በየነች ናት፤ የሸኮ ልጅ ናት፤ በቆሎ ስትጠብቅ ነው የተማረችው። ልጄን ህሊናን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ታምሩ ከኋላ «ገመዴ ጮኸ!» አለ። «ሠላሳ ዓመት! ገመዴ ጮኸ!» ሜዳው በሳቅ አበደ። ታፈሰ «እኔ መቼ አጣሁት፣ የማጂ ልጅ ነው!» እያለ እንደ አጎቴ ያቅፈኛል። ከሸኮ የመጡ ሴቶች ወደ ሜዳ ገብተው ገመዱን ከበየነች እየተቀባበሉ ያጮኹት ጀመር፤ አንዲት ጥርስ የሌላቸው እናት ያጮኹት ከሁሉም በለጠ። ነጎድጓድ ነበር። ሽማግሌዎቹም ድምፅ እንዳለ መሰከሩ። ዲቦራ ወዲያው ግጥም አወጣችልኝ፦

ነጎድጓድ ነው አሉን የመምህሩን ጅራፍ፣
ለካስ ክንዱ ከሚስት፣ ከባልየው ነው አፍ።

አለሙ ማስታወሻው ላይ ስሜን ሰርዞ የበየነችን ጻፈ። እንዲህ ያለ ቡሄ ደብረ ታቦርም አይገኝም አሉኝ። እኔ እንጃ፤ አላየሁም።

ህሊናን ፈልጌ አጣኋት። ከአያቷ ጋር ቀድማ ቤት ሄዳለች።


ሰኞ፣ ነሐሴ 14

ከተማው ይቅር ብሎኛል። ንጋቷ «ሻዩን እኔ ልቅዳልህ ወይስ ሚስትህ ከጀርባ ትቅዳ?» አለችኝ። ይሁን፤ ይገባኛል።

በየነች ተቆጥታ ጨርሳለች። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ አሁን ደግሞ አንተ ተበዳይ ሆነህ እንዳትተክዝብኝ» ብላ ቡና ሰጠችኝ።

ህሊና ግን አላናገረችኝም። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ የምትለው እሱኑ ብቻ ነው። ደብተሯን አየሁት፤ «አባቴ የሚያውቀው ነገር» የሚለው ገጽ ተቀድዷል። ሕዝብ ቢስቅብኝ ምን አለበት። ይኼኛው ነው ያቃጠለኝ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ አልወረደልኝም።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ዝናቡን ሳይ ህሊና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ወደ እኔ ሳትዞር «ማጂ ቡሄ ነበር?» አለች።

«ነበር።»

«አንተ ራስህ ያየኸውን ንገረኝ። የሰማኸውን አይደለም።»

ምንም የለም ልላት ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው፣ ምንም ያለ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ስጀምር መጣ።

ማጂ ነሐሴ ላይ ጉም ነው፤ የራስህን እጅ አታይም። አባቴ ቡሄ ሲደርስ የፖሊስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ገመድ ይዞ፣ ደጃፋችን ላይ ይቆማል። ሁለት ባልደረቦቹና ጎረቤቶቻችን ሊያዩት ይመጣሉ። ያው ዓመቱን ሙሉ ሲያወራላቸው ከርሟል። ገመዱን ያነሣል፣ ያዞራል፣ ይለቀዋል። ምንም የለም። ጭቃ ላይ ዘፍ ብሎ ይወድቃል። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሰዎቹ ዝም ሲሉ ጊዜ ጨነቀኝ። ከካፖርቱ ጀርባ ተሸሽጌ በአፌ «ጧ!» አልኩ። ጉሙ ስላለ ማን እንደሆነ አልታየም። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አባቴ ዞሮ አላየኝም። ገመዱን እንደገና አነሣ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንደዚያ ሆነ። አንድም ቀን አላወራንበትም። አንድ ዓመት ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ፤ የዚያን ዓመት አባቴ «ገመዱ ረጥቧል» ብሎ ጅራፉን ሳያነሣ ቤት ገባ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ራሴም አላስታወስኩትም። አባቴን እንደዚያን ሰዓት ናፍቄው አላውቅም።

ህሊና ተነሥታ ገባች። አለቀልኝ አልኩ።

ገመዱን እየጎተተች ተመለሰች። «ተነሥ» አለችኝ።

ተነሣሁ። ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠችና ከጀርባዬ ሄዳ ቆመች፤ ትንፋሿ ወገቤ ላይ ይሰማኛል። «አንሣ» አለች።

አነሣሁ፤ አዞርኩ፤ ለቀቅሁት። ደጃፉ ጭቃ ላይ ዘፍ አለ።

«ጧ!» አለች ህሊና፣ ባለ በሌለ ድምፅዋ።

በየነች ከውስጥ «ማነው ያጮኸው?» ብላ ተጣራች።

«አባዬ ነው!» አለች ልጄ።